አበልጅ ያደረጋቸው ምሳ

«እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ልጇ ጌቱ ይህን የጠየቃት በምሳ ገበታ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ደስ ብሎት እየሳቀ ነበር። መልሱ ረጅም አልነበረም፤ አፉን የፈታ ሕፃን እንኳ የሚለው ቃል ነው። ሥራነሽ ግን ያን ጊዜ መልስ አጣች። ዐይኗ ከፊት ለፊቷ ከተቀመጠው ሰው ላይ ተተከለ፤ ሰውየውም ዐይኑን ሳይሰብር ጠበቃት።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሥራነሽ ባሏ አበረ ከሞተባት ወዲህ ደብረ ማርቆስ ላይ ብቻዋን ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። የቤቷን የመንገድ ዳር ክፍል ለልብስ ሰፊው ለእንዳላማው አከራይታለች። እንዳላማው ከወደ መርጡለ ማርያም የመጣ፣ ረጋ ያለ፣ ቀልዱ ከአፉ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰው ነው። አግባ ሲሉት «መርፌው ላይ ክር እስካስገባ ጠብቁኝ» እያለ ዕድሜውን ገፋ። ጌቱ ተማሪ ሳለ ዩኒፎርሙን የሰፋለት እሱ ነው። ልጁ በክረምት ተመዝዞ ሱሪው ሲያጥረው፣ ማንም ሳይጠይቀው ጫፉን ተርትሮ ያስረዘመለትም እሱ ነው።

ፍቅራቸው መቼ እንደ ጀመረ ሁለቱም አያውቁትም። ምናልባት የስፌት መኪናው ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ሲቋረጥ «ምን ሆኖ ይሆን?» ማለት የጀመረች ዕለት ይሆናል። ምናልባትም እሷ ታማ በተኛችበት ሰሞን ይሆናል፤ ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት አይገባምና ደጅ ላይ ቆሞ «ዛሬስ ተሻለሽ?» እያለ፣ መልሷን ሳይሰማ ወደ ሥራው የማይመለስ ሆነ። ከዳነች በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ሻይ በመስኮት ታቀብለው ጀመር። ብርጭቆውን ሲቀበል ጣቱ ጣቷን እንዳይነካ ይጠነቀቃል። ቢነካት ኖሮ ምንም አይመስላትም ነበር፤ ጥንቃቄው ግን ልቧን አሸበረው።

ጥር ላይ፣ ከማርያም ንግሥ ሲመለሱ፣ ከኋላዋ ደርሶ ጎን ለጎን እየሄደ ተናገረ።

«ሥራነሽ፣ ሁለታችንም ብቻችንን ነው የምንበላው። አንድ ገበታ ላይ ብንቀመጥስ?»

መሬት መሬት እያየች ብዙ ተራመደች። ከዚያ «እሺ» አለች። ግን ወዲያው ጭንቀቷ ቀደማት። «ለእናቴና ለልጄ እኔው በአፌ ልንገራቸው። አንተ እንዳትቀድመኝ። ማልልኝ።»

«ማርያምን! ካንቺ በፊት ትንፍሽ አልልም» አለ እንዳላማው።

ያን ቀን ሰማዩ ሁሉ የእሷ መሰላት።

ያን ምሳ ሆቴል ያደረገችውም አስባበት ነው። የልጅ ልጇ በማግሥቱ እሑድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሣ ነው። ማርቆስ ብዙም የማይመጡት እናቷ ወይዘሮ ታየች ለዚሁ ከዲማ መጥተዋል። ጌቱ ከሥራ ቦታው ከባሕር ዳር ደርሷል። ሚስቱ ሶልያና የወለደችው እዚሁ ማርቆስ፣ እናቷ ቤት ነው። እንግዲህ ሁሉም የሚገናኙበት ቀን ከዚህ ወዲያ አይገኝም። ቤቷ ውስጥ ብትናገር እናቷ እሪ ብለው ጎረቤቱን ይሰበስባሉ። ሆቴል ውስጥ ግን፣ በማያውቁት ሰው ፊት፣ ወይዘሮ ታየች ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም እንደሚሉ ታውቃለች። «ከሰው ፊት አይጮኹም» ብላ ራሷን አጽናናች። እንዳላማውንም «አንተም ና፤ አብረኸኝ ሁን» አለችው።

ከመናኸሪያው በላይ ያለው ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ ይጨናነቃል። መስኮት አጠገብ ክብ ጠረጴዛ አገኙ። ወይዘሮ ታየች ወንበሩን በጥርጣሬ ነካ ነካ አድርገው ተቀመጡ።

«ሰው ቤት እያለው እንደ መንገደኛ ሆቴል ይበላል?» አሉ። ከዚያ ዐይናቸውን ሕፃኑን ወዳቀፈችው ሶልያና መለሱ። «ደግሞ አራስ! በእኛ ጊዜ ልጅ ሳይጠመቅ አራስ ከጓዳ አትወጣም ነበር።»

«ሐኪሙ ፀሐይ ይሙቅ ብሎ ነው እማማ።»

«ፀሐዩ ያለው ሆቴል ውስጥ ነው?»

ጌቱ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሶልያናም ሳቋን በሕፃኑ ፎጣ ሸፈነች። ሥራነሽም ልትስቅ ሞከረች፤ ዐይኗ ግን በሩ ላይ ነበር። እንዳላማው ብቅ አለ። በእጁ የሰፋውን ጥቁር ኮት ለብሷል። ጠጉሩን ተስተካክሏል። እንደ ሙሽራ ሳይሆን እንደ ሙሽራ አባት አፍሮ፣ ጎንበስ ብሎ የወይዘሮ ታየችን ጉልበት ሳመ።

«ተነሥ የኔ ልጅ፣ ተነሥ። ማነህ አንተ? ኮትህስ ዳኛ አስመስሎሃል።»

«ልብስ ሰፊ ነኝ እማማ። ኮቱ የዳኛ ነበር፤ ዳኛው ወፍረው ቢመጡ ለእኔ ተረፈ።»

ወይዘሮ ታየች ወደዱት። «አፍ አለው!» አሉ። «የማን ልጅ ነህ?»

«የሸማኔው የአለቃ ድረስ። መርጡለ ማርያም አጠገብ።»

«እ…» አሉና ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በርኅራኄ «ሙያ ነው፤ ሰው በሙያው ይኖራል» ብለው ወንበር አሳዩት።

ሥራነሽ ያቺን ትንሽ ዝምታ ሰማቻት። ከጩኸት የምትከብድ ዝምታ ነበረች።

ጥብሱ ከነሸክላው እየተንጫጫ መጣ። ሽሮም ተጨመረ። እጅ ታጠቡ፤ ወይዘሮ ታየች ባረኩ። ከዚያ የዲማው ወሬ ተጀመረ። ዘንድሮ ጤፉ ጥሩ ነው፤ ቀዩ በሬ እግሩን ታሞ ተሻለው፤ የቅኔ መምህሩ ዐይናቸው ደክሟል፤ ተማሪዎቹ ግን ከሩቅ እየመጡ ነው። ጌቱ ስለ ሥራው፣ ስለ ባሕር ዳር የቤት ኪራይ፣ ስለ ልጁ እንቅልፍ አወራ። እንዳላማው እየሰማ፣ በመካከል አንዳንድ ቃል ጣል እያደረገ ያስቃቸዋል። ሲስቁ ዐይኑ ሰረቅ ብሎ ወደ ሥራነሽ ይመጣል። «አሁን?» ይላታል በዐይኑ። እሷም በዐይኗ «ትንሽ ቆይ» ትለዋለች።

ትንፋሿን ሰብስባ ልትጀምር ስትል ግን እናቷ ቀደሟት።

«ደግሞ ጉድ ልንገራችሁ። ያቺ የወንዝ ማዶዋ ሴትዮ፣ ሁሉንም ልጆቿን ድራ ስታበቃ፣ ባል አገባች! የልጅ ልጅ እያዘለች! እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ሴቱ ሁሉ በነጠላው ውስጥ ይስቃል። እኔስ ልጆቿ አሳዘኑኝ። አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።»

«ምን አለበት እማማ? ብቸኝነት ከባድ ነው» አለች ሶልያና።

«ብቸኝነትማ እኔም ነበርኩ። እግዚአብሔር አለ፤ ልጅ አለ።»

የሥራነሽ እንጀራ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። እንዳላማው ቀና ሳይል የውኃውን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ይህን ያየ ሰው አልነበረም፤ ወይም ሥራነሽ እንዲያ መሰላት። ሶልያና ግን ለአንድ አፍታ ብርጭቆውን አይታ፣ ከዚያ አማቷን አይታ ነበር። ሥራነሽ ውኃውን ጠጣች፤ ከዚህ በላይ ብትዘገይ እንደማትችለው አወቀች። የልጇን ክንድ ያዘች።

«ጌትዬ… እናትዬ… አንድ የምነግራችሁ ነገር አለኝ። ጋሽ እንዳላማውን ዛሬ የጠራሁት እንዲሁ አይደለም። እኔ እንግዲህ…»

ጌቱ ጠረጴዛውን በእጁ ጠፍ አደረገው።

«አትጨርሺው! ሶልያና፣ አላልኩሽም? አላልኩሽም? ሳንነግራት ገብቷታል! እናት እኮ እናት ናት!»

«ምኑ ነው የገባኝ?» አለች ሥራነሽ።

ጌቱ ግን ተነሥቶ ነበር። የወጣትነት ፊቱ እንደ ሻማ በርቷል። ወደ እንዳላማው ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ከሶልያና ጋር ከመከርን ቆየን። እማዬ ቀድማ ጠርታዎት ስናይ ገረመን። እኔ አባቴ ሲሞት ልጅ ነበርኩ። ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እርስዎ ነዎት። ‘ቀና ብለህ ሂድ፤ ሱሪህ ደርሷል’ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ለልጄም እንደዚያ የሚለው ሰው እፈልጋለሁ። ነገ ልጄን ክርስትና ያንሡልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ቆመ፤ ለሥራነሽ ግን የቆመው ዓለም ነበር።

ክርስትና ያነሣ ሰው ለልጁ አባት ነው። ለወላጆቹና ለአያቶቹ ደግሞ አበልጅ ነው። አበልጅ ማለት ወንድም ነው፣ እህት ነው። በአበልጆች መካከል ጋብቻ ነውር ብቻ አይደለም፤ ኃጢአት ነው። እንዳላማው ነገ ያንን ሕፃን ከቄሱ እጅ ከተቀበለ፣ ከሥራነሽ ጋር የተነጋገሩት ሁሉ ለዘላለም ይዘጋል። አይሆንም ቢል ደግሞ፣ ምክንያቱን ሳይናገር «ልጃችሁን አላነሣም» ማለት ቤቱን መስደብ ነው። ምክንያቱን እንዳይናገር በማርያም አስምላዋለች።

እንዳላማው የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። ፊቱ ኮቱን መሰለ።

«ይህ ትልቅ ክብር ነው ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ዘመድ አዝማድ ሞልቶ… እኔን?»

ሥራነሽ ገባት። ጊዜ እየገዛላት ነው። አፏን ከፈተች። ከአፏ ቃል ሳይወጣ ወይዘሮ ታየች እጃቸውን አወናጨፉ።

«ተው አንተ! ለክርስትና የሚጠየቀው ሃይማኖት ነው። አጥንት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው። ባል ፍለጋ ቢሆንማ የሸማኔ ልጅ እዚህ ገበታ ላይ ምን ይሠራል? ለአበልጅነት ግን እንደ አንተ ያለ ትሁት ሰው ከየት ይገኛል! እኔስ ወድጄሃለሁ።»

ይህን ያሉት በክፋት አልነበረም። እያመሰገኑት ነበር። እንዳላማውም እንደ ተመሰገነ ሰው አንገቱን ደፋ። ደፍቶ ሲቀር፣ ሥራነሽ በገዛ እጇ ያቆሰለችው መሰላት።

«እንግዲህ» አለ እንዳላማው ቀና ብሎ። «የቤቱ እመቤት ዝም ብላለች። እስቲ እሷን ጠይቃት።»

ጌቱ ዞረ። «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ልጇን አየች፤ እንዲህ ሲስቅ ያየችው አባቱ ከመሞቱ በፊት ነበር። እናቷን አየች፤ የተጨማደደው እጃቸው ለእልልታ ወደ አፋቸው ሊሄድ ተዘጋጅቷል። በዙሪያቸው ሾፌሮች ይበላሉ፣ አስተናጋጆች ይመላለሳሉ። አንዲት ሴትዮ ከጎን ጠረጴዛ ጆሮዋን ጥላለች። ሥራነሽ ሆቴሉን የመረጠችው እናቷ እንዳይጮኹ ነበር። የሰው ፊት የዘጋው ግን የእሷን አፍ ሆነ።

ትንፋሽ ፈለገች። አንዲት ትንፋሽ ብቻ፤ ከዚያ ትናገራለች። እስከዚያው ግን ዝም ማለት አልቻለችም፤ ሁሉም ይጠብቃታል። ከልጅነቷ ጀምሮ በታላላቆቿ ፊት የተማረችው ቃል ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«እናንተ… እናንተ እንዳላችሁ።»

እንዳላማው ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ዐይኑን ሰበረ።

«እሺ» አለ። «አነሣዋለሁ።»

ወይዘሮ ታየች እልልታቸውን አቀለጡት። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ጌቱ የእንዳላማውን ትከሻ አቅፎ ሳመው። በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ሥራነሽ ቁጭ ብላ፣ እንደ እንግዳ፣ የራሷን ቀብር ተመለከተች።

እጅ መታጠቢያው ከሆቴሉ ጀርባ ነው። እንዳላማው ሲነሣ ተከተለችው። ውኃውን ከፍቶ እጁን ሳያሻሽ ዝም ብሎ ያስመታል።

«ለምን እሺ አልክ?» አለችው፤ እንባዋ ከቃሉ ቀደመ።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም! ትንፋሽ እስክሰበስብ ነው። ልናገር ነበር። በማርያም ልናገር ነበር!»

«ሥራነሽ…» ውኃውን ዘጋ። «በማርያም ያስማልሽኝ አንቺ ነሽ። ልጅሽ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲለምነኝ፣ ‘እናትህን ልጠይቅ ነው የመጣሁት’ ልበለው? አንድ ቃል ብትጀምሪ እኔ እጨርሰው ነበር። ግማሽ ቃል! ወይ ራስሽን ብትነቀንቂ።»

«አሁን ሄደን እንንገራቸው። አሁኑኑ። ና።»

«ትችያለሽ?»

ወደ አዳራሹ ዞረች። በተከፈተው በር እናቷ ይታያሉ፤ ሕፃኑን ታቅፈው «ያሳድግህ፣ የክርስትና አባትህን እጅ ይስጥህ» እያሉ ይመርቃሉ። ጌቱ ለባሕር ዳር ጓደኛው ስልክ ደውሎ «አገኘን እኮ!» ይላል። የሥራነሽ እግር ከመሬቱ አልላቀቅ አለ።

እንዳላማው እግሯን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«አልፈርድብሽም» አላት። «እናትም ነሽ፣ ልጅም ነሽ። በሁለቱ መካከል ለእኔ የተረፈው ቦታ ትንሽ ነው። ይኸውልሽ፣ ነገ ልጁን ከቄሱ እጅ ሳልቀበል ‘ቆይ’ ካልሽኝ እቆማለሁ፤ ሰው የፈለገውን ይበል። ከተቀበልኩት በኋላ ግን አትጥሪኝ። ልጁን አልክደውም።»

እጁን በመሐረቡ ጠርጎ አለፋት። በጠባቡ መተላለፊያ ሲያልፍ እንኳ ክንዱ ክንዷን እንዳይነካ ተጠነቀቀ።

ዞር ስትል ሶልያና ቆማለች። የሚበቃትን ያህል ሰምታለች።

«እትዬ ሥራነሽ» አለች በሹክሹክታ፤ ዐይኗ እንባ ሞልቶ። «ብርጭቆውን ሲገፋልዎት ነው የጠረጠርኩት። ጌቱን ልንገረው? ይረዳል እኮ። ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ይህ ሁለተኛው በር ነበር። ሥራነሽ ምራቷን አየቻት፤ ገና አርባ ቀን ያልሞላት አራስ፣ ፊቷ የገረጣ፣ ስለ እሷ የምትጨነቅ። «ነገ የልጁ ቀን ነው፤ በእኔ ጉድ ይበላሽ?» አለች በልቧ። እናቷ ሲያለቅሱ፣ ጌቱ በጓደኞቹ ፊት ሲያፍር፣ ሴቱ ሁሉ በነጠላው ውስጥ ሲስቅ ታያት።

«ተይው ልጄ» አለች። «እኔው እነግረዋለሁ። ለእኔ ተይልኝ።»

ሶልያና አመነቻት። ሥራነሽም ራሷን አመነች፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

ለጌቱ ሳትነግረው ሌሊቱ ነጋ። እሑድ ጠዋት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ጭጋግ ነበር። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ሕፃኑን ከውኃው ሲያወጡት ልቅሶው ግቢውን ሞላው። እንዳላማው ነጭ ጨርቅ በክንዶቹ ላይ ዘርግቶ ቀረበ። ጨርቁን ራሱ ነው የሰፋው፤ ጠርዙ ላይ ትናንሽ መስቀሎች አሉበት። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ቆመ። ዞሮ በሴቶቹ መካከል ፈለጋት፤ አገኛትም።

ቄሱ ሕፃኑን እንደ ያዙ «ምን ትጠብቃለህ ልጄ?» አሉት።

ሥራነሽ አፏን ከፈተች። «ቆይ» ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ቅርጹን፣ ክብደቱን ታውቀዋለች። እናቷ ግን ክንዷን ጭብጥ አድርገው ይዘው፣ በደስታ እየተንቀጠቀጡ፣ «ተመስገን፣ ይህን አየሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝ» አሉ። ከሥራነሽ አፍ የወጣው ልቅሶ ሆነ። ከደረቷ ሥር የመጣ፣ የማይታፈን ልቅሶ። ሴቶቹ የደስታ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

እንዳላማው ሕፃኑን ተቀበለ። ጨርቁን ጠቀለለበት፤ ከደረቱ አስጠጋው። ሕፃኑ ዝም አለ።

ሲወጡ፣ ከደጀ ሰላሙ በታች፣ ሕፃኑን ለሶልያና አስረክቦ ወደ ሥራነሽ መጣ። በሁሉም ፊት፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነካት። አሁን ዘመድ ነውና የሚከለክለው የለም።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ አበልጄ» አላት።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች።

ሶልያና ፊቷን አዞረች። ጌቱ ምንም አልገባውም፤ ሁለቱንም በየተራ ሳማቸው።

በሳምንቱ ጌቱ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ባሕር ዳር ገባ። ወይዘሮ ታየች ወደ ዲማ ተመለሱ። እንዳላማው ክፍሉን ለቀቀና ደጀን ሄዶ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ሌላ ክፍል ተከራየ። ሥራነሽ ማርቆስ ቀረች።